ኃይል ቆጣቢው ቤታችን፦ ብርዱንም ሙቀቱንም ካየንበት በኋላ

ይህን ቤት ስናሠራ የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው። መብራት ብዙ እንዳይበላ፣ ቤተሰቡ ሲሰፋና ሲያረጅም አብሮን እንዲለወጥ። ብርዱንም ሙቀቱንም አይተንበታል። እስካሁን በደንብ የካሰን ከማሽኖቹ ይልቅ ግድግዳው ውስጥ የተደበቀው ሥራ ነው።

ከብርዱ ልጀምር። ጣሪያውና ግድግዳው ወፍራም ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያልፍ የሚከላከል ሽፋን) አለው። ማታ ማሞቂያውን አጥፍተን ብንተኛም ጠዋት ቤቱ ለብ እንዳለ ይጠብቀናል። ኢንሱሌሽን ብቻውን ግን አይበቃም፤ ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ልስኑ ሳያልቅ የውጭ በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመው በ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ቤቱን ፈተሹት። እጄን ወደ አንዱ የሶኬት ሳጥን ሳስጠጋ ቀጭን ነፋስ ጣቴን ነካኝ። እዚያው ተደፈነ። ፓሲቭ ሃውስ የሚባለው ጥብቅ የኃይል ቆጣቢ ቤት ደረጃ በዚህ ፈተና የሚፈቅደው በሰዓት የቤቱን አየር 0.6 እጥፍ ያህል ማስረግ ብቻ ነው። የኛ እዚያ አልደረሰም፤ ቢሆንም ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል።

እንዲህ የተጠቀጠቀ ቤት ያለ አየር መቀየሪያ ይታፈናል። የኛ ማሽን የሚወጣው አየር ሙቀቱን ለሚገባው እንዲያስረክብ ያደርጋል፣ ሁለቱ ሳይደባለቁ። የሻወር እርጥበት ቶሎ ይጠፋል፣ መስኮቶቹም አያልባቸውም። የማጣሪያው ነገር ግን አይነሳ! ነጭ ሆኖ ገብቶ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሲደፈን ማሽኑ ማጉረምረም ይጀምራል። የተሰቀለው ደግሞ ኮርኒስ ውስጥ ነው። ለእርጅና ጭምር በታሰበ ቤት ማጣሪያ ለመቀየር መሰላል መውጣት ምን ይሉታል?

ወደ ጥሩው ልመለስ። እናቴ ጉልበቷን ታክማ እኛ ጋ ስትገባ፣ ሳሎኑ አጠገብ ያለው ክፍል ቀድሞ የተዘጋጀላት ይመስል ነበር። በሮቹ ሲከፈቱ 80 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ አላቸው፤ ደፍ የላቸውም። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ዊልቸር የሚዞርበት 150 ሴንቲ ሜትር ቦታ ተትቷል። ሻወሩ ጋ መደገፊያ ብረት ያስፈልጋታል ስንል፣ ሴራሚኩ ጀርባ ኮምፔንሳቶ ስለነበረ ባለሙያው ቀዳድቶ በብሎን አሰረው፣ አለቀ። የት እንዳለ ያወቅነው ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ሜትር ዘርግተን ካነሳነው ፎቶ ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው ይህን ፎቶ እንዳይረሳ።

የልጆቹን ክፍል ለሁለት መክፈልም ቀላል ነበር። ክብደቱን የሚሸከሙት ኮለንና ቢም ስለሆኑ የውስጡ ግድግዳ ጂፕሰም ብቻ ነው። የኔዘርላንዱ አርክቴክት ጆን ሃብራከን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተከራከረው ለዚሁ ነበር፦ የሚሸከመው አካል ይቆይ፣ የውስጡን ነዋሪው ይቀያይረው። የኛ ክፍል ከመጀመሪያው ሁለት በር፣ ሁለት መስኮትና የየራሱ መብራት መስመር ስለነበረው፣ መሀሉ ላይ ጂፕሰም ማቆም ብቻ ነበር የቀረው። ድምፅ ግን ያስተላልፋል። መሀሉ ላይ ድምፅ የሚያፍን ሱፍ አስገቡበት።

ለሊፍት የተተወው ቦታ አሁን ቁም ሳጥን ነው። ለሶላር የተዘረጋው ባዶ ቱቦም ተራውን እየጠበቀ ነው።

ያላረካኝ የምዕራቡ መስኮት ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ በኩል ያለውን መስኮት የጣሪያው ክፈፍ በደንብ ያጠላለታል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ክፈፉ ዋጋ የለውም። የውስጥ መጋረጃም ብዙ አይረዳም፤ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ገብቷል። መከለያው ከውጭ መሆን አለበት። እሱ እስኪገጠም ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ።