ሲቪክ ታይፕ አር ወይስ ጎልፍ ጂቲአይ?

አሜሪካ ውስጥ በየቀኑ ለሥራ የሚነዳ፣ ግን መሪው ሲያዝ ፈገግ የሚያሰኝ መኪና የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ጋ ደርሶ ይቆማል።

የሆንዳው ታይፕ አር 315 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የቮልስዋገኑ ጂቲአይ 241። ሁለቱም ባለ 2 ሊትር ቱርቦ፣ ሁለቱም በፊት ጎማ የሚጎተቱ ናቸው። ወረቀት ላይ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። መንገድ ላይ ግን እንዲያ አይደለም።

ታይፕ አር የሚመጣው በማኑዋል ብቻ ነው፤ ባለ 6 ማርሽ። ካምቢዮው ልዩ ነው። አጭር፣ ጥርት ያለ፣ እጅ ላይ ቅቤ። ለእሱ ብቻ ስል ብገዛው አይቆጨኝም። ችግሩ ጠዋት ይመጣል። ቤልትዌይ (ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ተዘግቶ አርባ ደቂቃ ፍሪሲዮን መርገጥ ጉልበት ይፈትናል። የ19 ኢንች ቸርኬው ጎማ ደግሞ ስስ ነው፤ ጉድጓድ አይችልም። ዕቃ መጫኛው ከጎልፉ ይሰፋል፣ እውነት ነው። የኋላ ወንበሩ ግን ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ሦስት ልጆች ካሉህ፣ በቃ፣ ወሬው አለቀ።

ጂቲአይ ለስለስ ይላል። አምስት ሰው ይይዛል፤ አጭር ስለሆነ ጠባብ ቦታም ይቆማል። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ግን አሜሪካ ውስጥ ማኑዋሉ ቀርቷል። በዚያው ሞዴል መሪው ላይ የነበሩት አናዳጅ የንክኪ ቁልፎች በእውነተኛ ቁልፍ ተተክተዋል። እሰይ!

እኔ ብሆን ጂቲአይን እወስዳለሁ። ማኑዋል ያልሆነ መኪና ከምነዳ ሞቼ ልገኝ የምትል ከሆነ ግን ሆንዳው ይጠብቅሃል።