ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው አሳ ቤት እና የኔ የአምስት ደቂቃ ምሳ

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር፣ አለበለዚያ ስለዚህ ቤት የምለው አይገባችሁም። እኔ ምሳ በአምስት ደቂቃ ነው የምጨርሰው። ሰርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት ያው ነኝ። ደግሞ ሳላውቀው በግራ እጄ ሰሀኑን አቅፋለሁ። ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ "ማን ይነጥቅሀል?" እንዳለች ነው። ይህን አመል ያስያዘኝ ብላቴ የጦር ማሰልጠኛ ነው።

በ1983 ዩኒቨርሲቲው ተዘጋና እኛ ተማሪዎቹ ብላቴ ማሰልጠኛ ገባን። እስከዚያ ድረስ ውትድርና የሰፈር ልጅ እዳ ይመስለን ነበር። የ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት ስድስት ወር ሰልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ያዛል፣ ቀበሌው ኮታው አልሞላ ሲለው ከመንገድ ያፍሳል፣ ታላቅ ወንድሜም ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ በዚያው ነው የሄደው። እኛ ግን ተማሪ ነን! ደብተራችን የሚያድነን መስሎን ነበር።

ብላቴ ከሀዋሳ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ ሙቀቱ ግን ሌላ አገር ነው። ምግቡ ምስር ነው። ምስሩ ውስጥ ጠጠር አለ። ለስድስት ሰው አንድ ሰሀን ይቀርባል፣ ፊሽካ ሲነፋ ትጀምራለህ፣ ፊሽካ ሲነፋ ትነሳለህ፣ በሁለቱ ፊሽካ መሀል ጎረስክ አልጎረስክ የራስህ ጉዳይ ነው። አብሮን የሚበላ አንድ የሕግ ተማሪ ነበር፣ አፉን ዘግቶ ቀስ ብሎ የሚያኝክ፣ ጨዋ ቤት ያደገ ልጅ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በሳ። በሦስተኛው ሳምንት ከሁላችንም ቀድሞ መጉረስ ጀመረ። ያኔ ነው ክንዴን በሰሀኑ ዙሪያ ማጠር የጀመርኩት፣ ከሱ የተነሳ። ኮቾሮ፣ ያ የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ ሲታደል ብቻ ነበር እኩል የምንሆነው፣ ሻይ ውስጥ ካልራሰ በቀር የማንም ጥርስ አይደፍረውምና።

ግንቦት 13 መንግሥቱ አገር ጥሎ ወጣ። ማሰልጠኛው ተበተነ። ገሚሱ በእግሩ ወደ ኬንያ ድንበር ተነሳ፣ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ወደ ሀዋሳ አቀናን። ሐይቁ ዳር አንዲት እናት አዘኑልንና ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ጠብሰው አቀረቡልን። እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ አሳ ከነአጥንቱ በልቼ አላውቅም። በብላቴ ፍጥነት ገባሁበት። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ አጥንቱ ጉሮሮዬ ውስጥ ተሰነቀረ። እናትየው ደረቅ እንጀራ ጠቅልለው "ሳታኝክ ዋጠው!" እያሉ ጀርባዬን ይደልቁኛል፣ መሀል ላይ ደግሞ "ከጦርነት ተርፈህ እኔ ቤት ልትሞትብኝ ነው?" ይላሉ። ወረደልኝ። ከዚያ በኋላ አሳ ስበላ ኮተሌት ብቻ ነበር፣ አጥንት የሌለው።

አሁን ወደ ቤቱ። ሰሌዳ የለውም፣ ስሙንም ሁሉም በየፊናው ነው የሚጠራው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አምስት ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ ወንበር። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ጎትታ ወሰደችኝና ሳትጠይቀኝ ሁለት ሙሉ ቆሮሶ አዘዘች። አሳው ግራና ቀኝ ተበጥቶ ነው የሚጠበሰው። ጅራቱ ይንኮሻኮሻል፣ ሥጋው ግን ነጭና ርጥብ ነው፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ከጎኑ ዳጣ ይመጣል። ዳጣው አይን ያስለቅሳል፣ በጥንቃቄ! እንደ ልማዴ ክንዴን አጥሬ ስጀምር የአሳ ቤቱ ባለቤት ከምድጃው ሆና አየችኝና "ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ አሳው ሞቷል፣ የትም አይሄድም" አለችኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ መጣችና በጣቷ አሳየችኝ፦ መጀመሪያ ከጀርባው በኩል ያለውን ትንንሽ አጥንት ትነቅላለህ፣ ቀጥሎ የላይኛውን ሥጋ ታነሳለህ፣ ከዚያ አከርካሪውን ከጭንቅላቱ ጋር ብድግ ስታደርገው ሁሉም ተከትሎ ይወጣል። ባለቤቴ በስልኳ ሰዓት ይዛ ነበር። 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ከብላቴ ወዲህ እንዲህ ቀስ ብዬ በልቼ አላውቅም፣ ምስጋናው የአጥንቱ ነው።

እንከኑን ልደብቅ አልችልም። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ውሃ የለውም፣ አንድ ልጅ በጆግ ያስታጥባል፣ ልጁ ከሌለ ደግሞ ትጠብቃላችሁ። የአሳ ሾርባው ቀጭን ነው። አምባዛ ከሚባለው አሳ የሚሠራውን ጉላሽ አልመክርም፣ ጭቃ ጭቃ ይላል፣ በርበሬውም ያንን ለመሸፈን የገባ ይመስላል። ቆሮሶውም ከአምና ዘንድሮ አንሷል፣ ይህ ግን የሷ ጥፋት አይደለም፣ ሳያድግ የሚያወጣው ጠባብ መረብ ነው። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ቀድማችሁ ጠይቁ። ውጭ ከተቀመጣችሁ ደግሞ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዳር ላይ ተሰልፈው ያዩዋችኋል። አንገታቸው ላይ ያለውን ከረጢት ባየሁ ቁጥር ኮዳ አንጠልጥለን ለምግብ የተሰለፍነው ትዝ ይለኛል፣ አስተያየታቸውም ያው የኛው ነው።

ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ጥሩ ጥሩው ቆሮሶ አልቆ አምባዛው ነው የሚቀረው። በፆም ወቅትማ አይሞከርም፣ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼ፣ ወረፋው ግን እስከ በሩ ነው። እኔን ቅዳሜ ቅዳሜ ታገኙኛላችሁ። አጥንቱን ለምጃለሁ፣ ክንዴን ግን ገና አላነሳሁም፣ አጠገቤ ብትቀመጡ ሰሀኔን እንዳትነኩ።