ፖሊስ ሲቀነስ፦ በአንድ ቀን ማሰናበት ወይስ ቅጥር ማቆም?

የኒው ጀርሲዋ ካምደን እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ከፖሊሶቿ ግማሽ የሚጠጉትን በአንድ ጊዜ አሰናበተች። በእንግሊዝና ዌልስ ግን መደበኛ ፖሊስን በሠራተኛ ቅነሳ ማሰናበት ስለማይቻል ከ2010 በኋላ ቅጥር ተገታ፤ አንዳንድ መምሪያዎችም 30 ዓመት ያገለገሉትን ጡረታ አስወጡ።

ማሰናበት በጀቱን ወዲያው ያቀላል። ጣጣው ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። የአዲሶቹ ደመወዝ ዝቅተኛ ስለሆነ ያንኑ ገንዘብ ለማዳን ብዙ ሰው መሸኘት ግድ ይላል። የተሰናበቱትን ቦታ ለመሙላት ማዕረጉ ተገፎ ወደ ፓትሮል የተመለሰ ሳጅንም ያኮርፋል፤ ኩርፊያው ደግሞ ወደ ሥሩ ሰዎች ይጋባል።

ቅጥር ማቆም ጸጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን ማን፣ ከየትኛው ክፍል እንደሚለቅ አለቃው አይመርጥም። የመርማሪ ወንበር ባዶ ይቀራል፣ የትራፊኩ ሞልቶ ይተርፋል። በእንግሊዝና ዌልስ እስከ 2017 የፖሊሶች ቁጥር በ20 ሺህ ገደማ ወረደ፤ ከ2019 ጀምሮ ያንን ለመተካት ሲቀጠር ጣቢያው በጀማሪ ተሞላ።

ጊዜ ካለ ሁለተኛው ይሻላል፣ ያውም በዝግጅት። በሁለት ዓመት ውስጥ ጡረታ የሚወጡትን በየክፍሉ መዝግቡ፤ መርማሪው ከመውጣቱ ወራት በፊት መዝገቦቹን ከተተኪው ጋር ይያዝ። ተቃውሞው የሚነሳው ብዙ ጊዜ በሥራ ፈረቃ ፕሮግራሙ ነውና ረቂቁን ከመለጠፋችሁ በፊት ለፖሊሶች ማኅበሩና ለሳጅኖቹ አሳዩ።