«ኤክስትራ ስትሮንግ» ቫይታሚን ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ

ወገኖቼ፣ ቫይታሚን ልትገዙ ካሰባችሁ ይህችን ሳታነቡ ገንዘባችሁን አታውጡ። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ለብዙዎቻችን የተሻለ ይመስለናል። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ «ኤክስትራ ስትሮንግ» ብለው ይለጥፉበትና ዋጋውን ከፍ ያደርጉታል። ሰውነታችሁ ለማይፈልገው ነገር ነው የምትከፍሉት። ሲብስም ለጉዳት።

ቫይታሚን ዲን እንይ። ፊቱ ላይ በትልቁ 5,000 አይዩ (IU፣ የቫይታሚን መጠን መለኪያ) ይላል። ገልበጥ አድርጋችሁ በደቃቁ የተጻፈውን ስታዩ ደግሞ 625% የሚል ታገኛላችሁ። ለቀን የሚያስፈልገውን ከስድስት እጥፍ በላይ በአንዲት እንክብል! ለአብዛኛው አዋቂ በቀን ከ600 እስከ 800 አይዩ ይበቃል። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ደግሞ ከ4,000 ማለፍ አይመከርም።

አንድ ቀን አብዝቶ መዋጥ ብዙም አይጎዳም። ችግሩ መደራረቡ ነው። መልቲቫይታሚኑ ውስጥ ዲ አለ፣ ካልሲየሙ ውስጥ አለ፣ የዓሣ ጉበት ዘይቱም ውስጥ አለ። ሐኪም በሳምንት አንዴ ያዘዘውን ባለ 50,000 እንክብል በየቀኑ የሚውጥም አይጠፋም። ዲ በስብ ውስጥ ስለሚከማች ቶሎ አይወጣም። ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ያንረዋል። ከዚያ ውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀትና ድካም ይመጣል፤ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። በጣም የሚያሳዝነኝ፣ ሰው ሲደክመው «ቫይታሚን አንሶኝ ነው» ብሎ ይጨምርበታል።

«ቢ በሽንት ስለሚወጣ አይጎዳም» የሚሉትንም አትስሙ። ቢ6 ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ነርቭ ይጎዳል፣ እጅና እግር ያደነዝዛል። እርጉዝ የሆናችሁ እህቶች፣ የበዛ ቫይታሚን ኤ ጽንሱን ሊጎዳው ስለሚችል አደራ። ሲጋራ የምታጨሱ ደግሞ ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ንጥረ ነገር) ያለበትን ባለ ከፍተኛ መጠን እንክብል ተዉት። በአጫሾች ላይ ሲካሄድ የነበረ አንድ ትልቅ ጥናት በ1996 እ.ኤ.አ. ከጊዜው በፊት የተቋረጠው፣ ቤታ ካሮቲን ይከላከለዋል የተባለው የሳንባ ካንሰር ጭራሽ ጨምሮ ስለተገኘ ነው። ለፀጉር እየተባለ የሚሸጠው ባዮቲንም የደም ምርመራን ያሳስታል፤ የድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ምርመራን ጭምር። ስለዚህ ለምርመራ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ባዮቲን እንደምትወስዱ ተናገሩ።

ቤት ያሉትን የቫይታሚን ዕቃዎች ሁሉ ሰብስባችሁ ለፋርማሲስት ወይም ለሐኪም አሳዩ። ድምሩን አብራችሁ አስሉ። ዲ አብዝታችሁ እየወሰዳችሁ ከላይ ያልኳቸው ምልክቶች ካሉባችሁ ዛሬውኑ አቁሙና ካልሲየማችሁን ተመርመሩ።