የአባባን ካውቦይ የመለሰልን አንቴና ሠሪ

ሰላም የአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያና የአካባቢው ሐበሾች። ቴሌቪዥን በአንቴና የምታዩ፣ በተለይ ሽማግሌ ወላጆች ያሏችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። የባለሙያውን ስም የማልጠራው ራሱ ስላልፈቀደ ነው። «ሥራውን ካመሰገንሽ ይበቃኛል» አለኝ።

አባቴ 81 ዓመታቸው ነው። እንግሊዝኛ ብዙም አይሆንላቸውም፤ የሚያዩት ነገር የድሮ ካውቦይ ፊልም ብቻ ነው። በጉብዝናቸው ጊዜ ሲኒማ አምፒርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ተሰልፈው የገቡበትን ዓይነት፣ እዚህ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ከሰዓት በኋላ ታሳያለች። ቋንቋ ምን ያደርግላቸዋል? አክተሩ እንደማይሞት ያውቃሉ። ጣቢያዋ ኬብላችን ላይ የለችም፣ በአንቴና ብቻ ነው የምትያዘው። አዲስ ቲቪ ገዛንላቸውና ጠፋች። ለሦስት ሳምንት ያህል ጥቁሩን ስክሪን እያዩ ቁጭ አሉ፤ ሲከፋቸው ደግሞ አይናገሩም።

መጀመሪያ የጠራነው ሰው (ስሙ ይቅር) ትንንሾቹ ጣቢያዎች ዲጂታል ሲመጣ ሞተዋል ብሎን፣ መስኮቱ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ «ዲጂታል አንቴና» ለጠፈ፤ ቡስተር (ሲግናል ማጉያ) ጨመረበት፤ 180 ዶላር ተቀብሎ ሄደ። ትልልቆቹ ቻናሎች መጡ፣ ካውቦይ የለም።

ይሄኛው ወንድማችን ገና በስልክ ሳለን የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «7ና 9 ጥርት ይላሉ ወይስ ይቆራረጣሉ?» ይቆራረጡ ነበር። 4ና 5 ግን እንከን የላቸውም። «በቃ ገብቶኛል» አለ።

የገባው ነገር ይሄ ነው። ስክሪኑ ላይ 4 ወይም 5 የሚለው ቁጥር የድሮ ስም ነው፣ ጣቢያዎቹ ዛሬ የሚሠሩት በዩኤችኤፍ፣ ማለትም ከፍ ባለው የሞገድ ክልል ነው። ዋሽንግተን ውስጥ 7ና 9 ግን ዛሬም እንደ ቁጥራቸው ዝቅ ባለው ክልል፣ በቪኤችኤፍ ይተላለፋሉ፤ የአባባ ጣቢያም እንደዚያው። ያ ስስ አንቴና ዩኤችኤፍ እንጂ ቪኤችኤፍ በደንብ አይዝም። «ዲጂታል አንቴና» የሚባለውም የሻጭ ወሬ ነው፤ ብረቱ አናሎግ ይሁን ዲጂታል አያውቅም።

ከምድር ቤት የጣልነውን ባለ ሁለት ቀንድ አንቴና አስወጣኝ። አቧራውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ቀንዶቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ እያንዳንዳቸውን ወደ 40 ሳንቲሜትር አደረጋቸው፤ ቡስተሩን ነቀለው። እኛ ለትልልቆቹ ማማዎች ቅርብ ስለሆንን ማጉያው መቀበያውን ያደነቁረዋል አለን፤ አጠገብህ ሰው እየጮኸ ሹክሹክታ ለመስማት ጆሮህ ላይ ማይክራፎን እንደመደቀን። ከዚያ አንቴናውን ትልልቆቹ ማማዎች ካሉበት ከቴንሊታውን (ዋሽንግተን) አቅጣጫ መልሶ ጥቂት በጥቂት ያዞር ጀመር። በአናሎግ ጊዜ በረዶው ሲቀንስ እያየህ ትሄዳለህ፤ ዲጂታል ግን ወይ አለ ወይ የለም፣ ስለዚህ ባዞረ ቁጥር ቆም ብሎ ይጠብቃል። አባባ ከሶፋው ላይ «መጣ?» ይላሉ፤ አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ዲሽ የምናስተካክል እስኪመስለኝ ድረስ። «ትንሽ ይታገሡኝ አባባ» ይላቸዋል። ቲቪው ቻናሎቹን እንደገና እንዲፈልግ ስካን አደረገ። ከዚያ ፈረስ መጣ።

ሻይ ሲጠጣ የነገረን ደግሞ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ጣቢያዎች አናሎግ የዘጉት ጁን 12 ቀን 2009 ሲሆን፣ አነስተኛ ኃይል ያላቸው ግን ያኔ አልተገደዱም። ለትልልቆቹ በዩኤችኤፍ እስከ 1,000 ኪሎዋት ሲፈቀድ ለእነሱ 15 ነው፤ በቪኤችኤፍ 3 ብቻ። የድሮ ቲቪ ዲጂታል እንዲያሳይ መንግሥት በ40 ዶላር ኩፖን ሲያግዝባቸው ከነበሩት መቀየሪያ ሳጥኖች ብዙዎቹ ደግሞ አናሎጉን አያሳልፉም ነበር፤ ሰው ሳጥኑን ሲሰካ ትንንሾቹ ጣቢያዎች ሳይሞቱ ከቤቱ ጠፉ። ከትንንሾቹ መካከል የተሻለ የሕግ ጥበቃ ያላቸው «ክላስ ኤ» የሚባሉት በሴፕቴምበር 1 ቀን 2015፣ የቀሩት በጁላይ 13 ቀን 2021 አናሎጉን ዘጉ (አላስካ ትንሽ ዘገየች)። በመሐልም ከ38 ጀምሮ ወደ ላይ ያሉት ቻናሎች ለሞባይል ስልክ ተሸጠው ብዙ ጣቢያ ቦታ ቀየረ። ሪሞት ይዞ እንደገና ስካን ያላደረገ ሰው፣ ጣቢያው እዚያው አየር ላይ እያለ ተዘጋ ብሎ ያዝናል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእነዚያ አንዷ ነበርኩ።

ያስከፈለን 50 ዶላር ነው። ዕቃ አልሸጠልንም፤ እንዲያውም ቡስተሩን መልሱት፣ ገና ቀኑ አላለፈም ብሎ ደረሰኙን ራሱ ፈለገልን። አባባ «ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው እስከ በር ሸኙት። እሳቸው ከሶፋ የሚነሡ ሰው አይደሉም። አንድ ቅሬታ ቢኖረኝ ቀጠሮ ላይ አርባ ደቂቃ ማርፈዱ ነው፤ ደውሎ ግን ይነግራል።

ስልኩን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በፊት አትደውሉለት፣ አያነሳም። ከመደወላችሁ በፊትም 7ና 9ን ከፍታችሁ አንዴ እዩአቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።