ከማስታወቂያው ጀርባ ያለውን ቤት ለሚለኩልን ጋሼ፣ ከልብ እናመሰግናለን

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለመግዛት የምትዞሩ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እኚህን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ለዓመታት በፎርማንነት የሠሩ ናቸው፤ አሁን የሚሸጥ ቤት እየለኩ ከማስታወቂያው ጋር ያስተያያሉ። ስማቸው እዚህ እንዲለጠፍ ስላልወደዱ፣ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቅ። ምስጋናው ግን በአደባባይ ይሁን፤ እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ብዙ ገዢ አያውቅም።

የሚይዙት ሌዘር ሜትር፣ የሚዘረጋ 50 ሜትርና ደብተር ነው። የሚሰጡት ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት፦ በግራ ማስታወቂያው ያለው፣ በቀኝ ቤቱ ውስጥ የተገኘው። ግድግዳ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ስለማይቆም እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ቦታ ላይ ይለኩና አነስተኛውን ይጽፋሉ።

ባለ 3 መኝታ፣ «110 ካሬ» የተባለ አፓርታማ ላይ ገጹ ይህን ይመስላል። ሳሎን 5.10 በ4.20፣ ማስተር 4.00 በ3.60፣ ሁለተኛው መኝታ 3.40 በ3.20፣ ሦስተኛው 3.00 በ2.80፣ ኩሽና 3.20 በ2.40፣ ሁለቱ ሻወሮች 2.40 በ1.60 እና 2.00 በ1.50፣ ኮሪደር 5.60 በ1.20። ድምር 76.34 ካሬ።

የቀረው የት ገባ? በረንዳው 4.68 ካሬ ወስዷል። ግድግዳው ራሱ የቆመበት ወደ 8 ካሬ ነው፤ የውጪው ባለ 20 ብሎኬት፣ የውስጡ ባለ 15 ወይም ባለ 10። የተረፈው 21 ካሬ ገደማ ከበሩ ውጪ ነው፦ የደረጃ፣ የሊፍት ጉድጓድና የጋራ ኮሪደር ድርሻ። ሻጩን ዋሾ ማለት ይከብዳል፤ የጻፈው ግሮሱን፣ ማለትም ግድግዳውንና የጋራ ድርሻውን ጨምሮ ያለውን ጠቅላላ ስፋት ነው። «ግሮስ» የምትለዋን ቃል ግን አልጻፈም። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 እንኳ የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ለይቶ ነው ያስቀመጠው፤ ማስታወቂያ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ይቀላቀላሉ።

የጋሼ ስሌት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ይህ ቤት በካሬ 100 ሺህ ብር ቢባል ዋጋው 11 ሚሊዮን ነው፤ ለ76.34 ሲካፈል በካሬ ከ144 ሺህ ያልፋል። ጎኑ ያለው ሌላ ቤት ግሮሱ 115፣ ኔቱ (ክፍሎቹ ውስጥ ብቻ የተለካው) 90 ሆኖ በካሬ 110 ሺህ ቢጠየቅበት 12.65 ሚሊዮን ይሆናል፤ በኔት ሲካፈል ግን 140 ሺህ ተኩል ገደማ ነው። በማስታወቂያው ውድ የሚመስለው በኔት ረከሰ ማለት ነው። ገዢ ግን «በካሬ ስንት ነው?» ብቻ ብሎ ይዘጋዋል።

ሴሚ ፊኒሽድ፣ ማለትም ልስንና ሴራሚክ ገና ያልተሠራለት ቤት ከሆነ ሌላም ይቀነሳል። በአንድ በኩል ልስኑ 2 ሳንቲም፣ ሻወር ውስጥ ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው 1 ሳንቲም ቢይዝ፣ 1.50 የነበረው ሻወር 1.44 ይቀራል። ለሳሎን ምንም አይደለም፤ መቀመጫና መታጠቢያ ጎን ለጎን ለሚገቡበት ክፍል ግን 6 ሳንቲም ብዙ ናት።

ፎቶን በተመለከተ ደግሞ ቤት ሳትሄዱ የሚሠራ ዘዴ አስተምረውናል፦ ሴራሚኩን ቁጠሩ። 60 በ60 ከሆነ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 5 ከሆነ ክፍሉ 3 ሜትር ነው፤ ፎቶው የቱንም ያህል አዳራሽ ቢያስመስለው። በሰፊ ሌንስ የተነሳ ፎቶ ዳር ዳሩን ይለጥጣል፤ ዳር ያለው በር ካጋደለ ወይም ከተለመደው እጅግ የሰፋ ከመሰለ ስልኩ 0.5 ላይ ነበር ማለት ነው።

ግቢ ላለው ቤት ካርታው ላይ የተጻፈውን ካሬና አጥሩ የከበበውን ለየብቻ ይጽፋሉ። ካርታው 175 ብሎ አጥሩ 200 ከያዘ፣ 25ቷ ካሬ ካርታ የላትም፤ ማስታወቂያው ግን 200 ብሎ ይሸጣታል። ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ወደ ውጪ የተቀጠለች ክፍልም እንዲሁ ናት። ቦታው ጠማማ ከሆነ አራቱን ጎን ብቻ ለክተው አያባዙም፤ ሰያፉንም ይለኩና ሁለት ሦስት ማዕዘን አድርገው ያሰሉታል። ተቃራኒ ጎኖችን አማክሎ ማባዛት፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት፣ ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋዋል።

«ውሃ 24 ሰዓት» ሲባል ቧንቧ መክፈት አይበቃም፤ በፈረቃው ቀን ሁሉም ይወርዳል። ሮቶውን ያያሉ። 5 ሺህ ሊትር ለ10 አባወራ ከሆነ ለአንዱ 500 ሊትር ነው፤ ውሃው በ3 ቀን አንዴ ከመጣ በቀን ለአንድ ቤት 167 ሊትር አይሞላም። ሊፍትም ቢሆን «አለው» ከተባለ ገብተው ይጫኑታል፤ ጉድጓዱ ብቻ ያለበት ሕንፃ አለና። ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያነሳል ወይስ የኮሪደር አምፖል ብቻ የሚለውንም ለጥበቃው እንጂ ለደላላው አይጠይቁም።

ደላላን ግን አይሳደቡም። አንድ ማስታወቂያ አምስት ስልክ ያልፋል፤ 106 የነበረው 110፣ ቀጥሎ «110 በላይ» ይሆናል፤ የመጨረሻው ደላላ ቤቱን አይቶትም ላያውቅ ይችላል።

የማይነኩትም አለ። ዕዳና እገዳ መኖሩን መሬት አስተዳደር ጠይቁ ይላሉ። የኮንክሪቱን ጥንካሬ በዓይን አይፈርዱም። ዋጋ ተደራደሩልን ብትሉ ጭራሽ አይሰሙም። ትንሽ ዝግ ይላሉ፤ አንድ አፓርታማ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ክፍያቸው በካሬ ሳይሆን በቤት ነው፤ በካሬ ቢሆን ቤቱ በሰፋ ቁጥር ተጠቃሚው እሳቸው በሆኑ ነበር።

ወረቀታቸውን ሻጩ ከፈረመበት ለውሉ አባሪ አድርጉት፤ ውሉም ውስጥ «ኔት ስፋት» ብላችሁ ቁጥሩን አስገቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በስልክ የተባለላችሁን ካሬ ይዛችሁ መከራከር ከባድ ነው።

ስትጠሯቸው የካርታውን ኮፒ ያዙ፣ የሁሉም ክፍል ቁልፍ መኖሩንም ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የተቆለፈ ክፍል ካለ በገጹ ላይ «አልተለካም» ብለው ይጽፋሉ እንጂ አይገምቱም። ማስታወቂያውንም ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጉት፤ ቀብድ ሲከፈል መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።