ሁለቱ የድሬ ባቡር ጣቢያዎች

የተወለድኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እኔ አሁን የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አገሬ ገባሁ። ከአዲስ አበባ ድሬ በአውሮፕላን መብረር እችል ነበር። ግን የምድር ባቡር ልጅ ሆኜ በአየር መግባቱን ሆዴ እምቢ አለኝ። በባቡር ወረድኩ። መሄድ ለምታስቡ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አዲሱ ባቡር የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው። የድሮውን አስባችሁ ለገሃር እንዳትሄዱ። ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ቀኑን ቀድማችሁ አጣሩ። ትኬት ስትቆርጡም ስትሳፈሩም ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ያስፈልጋል። ሻንጣ ይፈተሻልና በጠዋት ድረሱ። እኔ ትኬቱን ያስቆረጥኩት አዲስ አበባ ባለች የአክስቴ ልጅ በኩል ነው። ምንም አልተጉላላሁም።

መስመሩ በ2016 ተመረቀ፣ ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ መደበኛ ሥራ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ሐዲዱ ከድሮው ሰፋ ያለ ስለሆነ ያ የምናውቀው መንገጫገጭ የለም። ፉሪ የያዝኩት ሻይ መተሐራ ድረስ አልፈሰሰም። መተሐራ ላይ በሰቃ ሐይቅን ታያላችሁ። ውሃው ዓመት ዓመት እየሰፋ የድሮውን ሐዲድም አስፋልቱንም ሲያስቸግር የኖረ ሐይቅ ነው። ከአዋሽ በኋላ ግመል፣ ግራር፣ ቀይ አፈር። እኔ ከመስኮቱ ዓይኔን አልነቀልኩም።

የናፈቀኝ ነገር ግን አለ። በድሮው ባቡር አዋሽ ወይ ሚኤሶ ስንደርስ ሴቶች በመስኮቱ ሥር ይሮጡ ነበር። ወተት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ፓፓያ። እናቴ ሳንቲሙን በመሐረብ ቋጥራ ታዘጋጅ ነበር። አሁን ያ ሩጫ የለም። ስለዚህ የምትበሉትን ይዛችሁ ግቡ። እኔ ቆሎ ብቻ ይዤ ነበር። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ እናት አይተው ዝም አላሉኝም፤ እንጀራ በስልስ ቆርሰው «ብይ እንጂ ልጄ፣ ቆሎ ምግብ ነው?» አሉኝ።

ድሬ ከሰዓት በኋላ ደረስን። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው፤ በእግር የሚገባ አይደለም። መኪና ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ። አንዱ ሹፌር ከአነጋገሬ ከውጭ መምጣቴን ገምቶ ሦስት እጥፍ ጠራብኝ። ሁለተኛው በደህና ዋጋ ወሰደኝ፣ ሻንጣዬንም ራሱ አወረደ። ያደርኩበት እንግዳ ማረፊያ ስሙ ይቅር። «ሃያ አራት ሰዓት ውሃ አለ» ተብዬ ገብቼ ሌሊቱን በጆግ ታጠብኩ። ድሬ ሙቀት ውስጥ ውሃ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱት።

በማግስቱ ጠዋት የድሮው ጣቢያ ሄድኩ። በእውነት ድሬ የመጣሁት ለሱ ነው።

ሕንፃው አሁንም ከተማው መሃል ነው፣ ስሙ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተጽፎበት። ከፊቱ ቆሜ እንባዬ መጣ። ይህ ጣቢያ ከተማው ውስጥ የተሠራ አይደለም፤ ከተማው ነው በሱ ዙሪያ የተሠራው። ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፣ ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ። ሐሳቡ ሐረር እንዲገባ ነበር። ግን ተራራውን መውጣት በጣም ውድ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከሥር፣ በሜዳው በኩል ዞረ። በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ። ቦታዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች።

ከዚያ ሐዲዱን የሚሠራው ኩባንያ ገንዘብ አጠረውና በ1907 ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ቀጠለው፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዚህ መሃል ለዓመታት የባቡሩ መጨረሻ ድሬ ነበረች። ቡናና ቆዳ በግመልና በበቅሎ መጥቶ እዚህ ይጫናል። ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ እዚህ ይራገፋል። ድሬን ድሬ ያደረጋት ያ የገንዘብ እጥረት ይመስለኛል። ባቡሩ ሳይቆም ሽቅብ ቢሄድ ኖሮ ምናልባት አንድ ተራ ፌርማታ ሆና ትቀር ነበር። የከዚራ ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ ያለባቸው መንገዶች የባቡሩ ሰዎች ሥራ ናቸው። ጃንሆይም በ1936 ወደ ስደት ሲሄዱ በዚሁ ሐዲድ ነው ጅቡቲ የወረዱት፤ ስደታቸውም እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ አደረሳቸው።

ወርክሾፑን ያስጎበኙኝ ጡረታ የወጡ ሠራተኛ ናቸው። የአባቴን ስም ስነግራቸው እጄን ይዘው ቀሩ። «አባትሽ እዚህ ጋ ነበር የሚቆመው» ብለው አንድ የቶርኖ ማሽን አሳዩኝ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ፈረንሳይኛ ነው። እጀታው በሰው እጅ ብዛት ተሞርዶ ያብለጨልጫል። ነካሁት። ዘይት ዘይት ይሸታል። አባቴ ማታ ቤት ሲገባ የሚሸተው ሽታ ነው።

እዚያ ቆሜ ስለ ሊድስ ነገርኳቸው። ከሊድስ ወደ ካርላይል የሚሄድ የገጠር መስመር አለ፣ እኔም በእረፍት ቀን እሄድበታለሁ። በ1876 ለመንገደኛ የተከፈተ ነው። ሪብልሄድ በሚባል ቦታ 24 ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ አለው። በ1970 ትንንሾቹን ጣቢያዎች ዘጓቸው። በ1980ዎቹ ደግሞ ድልድዩን ማደስ ውድ ነው ብለው መስመሩን ራሱን ሊዘጉ ተነሱ። ሰዉ እምቢ አለ። በሺዎች የተቃውሞ ደብዳቤ ተጻፈ። ከተቃዋሚዎቹ የአንዱ ውሻም በእግሩ አሻራ ፈርሟል። በ1989 መንግሥት ሐሳቡን ተወ። ዛሬ ባቡሩ ይሄዳል። ሪብልሄድ ጣቢያው ቤት ውስጥ ትንሽ ሙዚየም አለ፣ የባቡሩ ወዳጆች በነጻ ያገለግላሉ። የውሻው የነሐስ ሐውልት ጋርስዴል ጣቢያ ላይ ቆሟል።

እንግዲህ እኛ ከዚያ የሚያንስ ታሪክ የለንም። ወርክሾፑ እንዳለ ነው፣ የሚያውቁት ሰዎችም በሕይወት አሉ። አዲሱ ባቡር ጥሩ ነው፣ ደግሜም እሄድበታለሁ። ግን የድሮው ጣቢያ በወጉ የተደራጀ፣ ሰዓቱ የታወቀ ሙዚየም እንዲሆን እፈልጋለሁ። ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት፣ እኒህ አባት ለሚሰጡት አገልግሎት የሚከፈላቸው ቦታ። እኔ የሰጠሁት ከኪሴ ነው፣ እሱንም በግድ ነው የተቀበሉኝ።

የውሻውን ሐውልት ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አዩት። ደጋግመው አዩት። «አቦ፣ እኛ ደግሞ ግመል እናስፈርማለና!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ፎቶውን ለልጃቸው ስልክ ላክሁላቸው።

ልትጎበኙ ከሆነ በጠዋት ሂዱ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፣ ድሬም ትተኛለች፤ በሩን የሚከፍትላችሁ ሰው አታገኙም።